ካምቢዮው ለምን ሁለት ጊዜ ሞተ?

ይህ ጽሑፍ ስለ ካምቢዮ ነው። የጋዜጠኝነት ተማሪ ስለ ካምቢዮ ምን አገባት የሚል ካለ አልፈርድበትም፤ ነገሩ የጀመረው ግን እዚሁ ትምህርት ክፍላችን ውስጥ ነው። ለፊቸር አጻጻፍ ኮርስ «ከራሳችሁ ኑሮ የወጣ ታሪክ ጻፉ» ስንባል፣ እኔ አባቴን ስላታለለው መካኒክ ሦስት ገጽ ጻፍኩ። ርዕሱ «የጋራዥ ሌቦች» ይል ነበር። ተበዳዩ አባዬ፣ ሌባው መካኒኩ፣ ዳኛዋ እኔ። መምህራችን ወረቀቱን ሲመልሱልኝ ውጤት አልጻፉበትም። ከግርጌው በቀይ እስክሪብቶ ሁለት ጥያቄዎች ብቻ ነበሩ፦ «መካኒኩን አነጋግረሽዋል? ካምቢዮው የሞተው በምንድን ነው?»

መልስ አልነበረኝም። ሁለቱንም አላውቅም ነበርና። ይህ ጽሑፍ እነዚያን ጥያቄዎች ይዤ ከጋራዥ ጋራዥ የዞርኩበት ውጤት ነው።

መኪናውና ሥራው

አባዬ ከሰንዳፋ ወተት ያመጣል። ሰንዳፋ ከአዲስ አበባ በስተሰሜን ምሥራቅ ወደ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሌሊት አሥር ሰዓት ይነሣል፤ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ወተቱ ካፌዎቹ ደጃፍ መድረስ አለበት። ወተት እንደ ስሚንቶ «ነገ አመጣዋለሁ» አይባልም። መኪናው አንድ ቀን ከቆመ አባዬ ሰው መኪና ተከራይቶ ያመላልሳል፤ ያን ቀን ትርፍ የለም፤ ሁለት ሳምንት ከቆመ ደግሞ ደንበኛም የለም።

ፒክአፑ እ.ኤ.አ. የ1996 ሥሪት፣ ባለ አንድ ጋቢና፣ በቤንዚን የሚሠራ ነው። ከዓመታት በፊት ከአንድ የውጭ ድርጅት በጨረታ የተገዛ ነው። አገራችን ያሉት አሮጌ ፒክአፖች አብዛኞቹ ማርሻቸው በእጅ የሚቀየር ሲሆን የእኛው ግን አውቶማቲክ ነው። የሰፈር ሰው «ፍሪሲዮን የሌለው ፒክአፕ የሴት መኪና ነው» እያለ ይቀልድ ነበር። (ከቀልደኞቹ መሀል አንድ ቀን ለዕቃ ማጓጓዣ ያልተዋሰው ግን የለም።)

ሸጦ ሌላ አይገዛም ወይ? ትሉ ይሆናል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪናዎች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ። በጥር 2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታወቀ። በዚያው ዓመት ሐምሌ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ብር ወረደ፣ ከውጭ የሚመጣ መለዋወጫ ሁሉ ተሰቀለ። አሮጌ መኪና ያለው ሰው እንግዲህ አሮጌውን ማኖር ነው ያለው አማራጭ።

የመጀመሪያው ሞት ለገጣፎ ዳገት ላይ ነበር። ሞተሩ ይጮሃል፣ መኪናው አይሄድም። አባዬ ነዳጁን ሲረግጠው ጩኸቱ ብቻ ይጨምራል። ካምቢዮው ይንሸራተታል ማለት ነው። ተጎትቶ የገባበት ጋራዥ ውስጥ ያለው ወጣት መካኒክ ዘይት መለኪያውን መዝዞ አሸተተና «ፋዘር፣ ይሄ አልቋል፤ ይቀየር» አለ። ከሶማሌ ተራ አንድ ስክራፕ ካምቢዮ ተገዛ፣ ተገጠመ። ሰባት ሳምንት ሠራ። ከዚያ በኋላ እሱም ሞተ፤ አሟሟቱም አንድ ዓይነት ነበር። የሻጩ ዋስትና የአንድ ሳምንት ነበር። «የጋራዥ ሌቦች»ን የጻፍኩት ያን ሰሞን ነው።

ሽማግሌው ጠረጴዛ ላይ

አውቶማቲክ ካምቢዮ በትኖ የሚገጥም ሰው ስናጠያይቅ የተጠቆምነው አንድ ሽማግሌ መካኒክ ዘንድ ነው። ጋራዣቸው ትንሽ ነች፤ ነገር ግን አንድ ጥግ ላይ በነጭ ፕላስቲክ የተሸፈነ ጠረጴዛ አለ፤ እዚያ ላይ ሲጋራም፣ ቡናም፣ የማንም ክርን አያርፍም። «አውቶማቲክ ካምቢዮን አንድ የአሸዋ ፍሬ ይገድለዋል» አሉኝ። ለምን እንደመጣሁ ስነግራቸው ሳቁና በርጩማ ሰጡኝ። «መጀመሪያ ጤነኛውን ካላወቅሽ በሽተኛውን እንዴት ታውቂያለሽ?»

ማርሹ በእጅ በሚቀየር መኪና ሞተሩንና ካምቢዮውን የሚያገናኘውም የሚያለያየውም ፍሪሲዮን ነው። በአውቶማቲኩ ግን በእሱ ቦታ ቶርክ ኮንቨርተር የሚባል፣ ትልቅ ዱባ የሚያክል፣ ዘይት የሞላበት ብረት አለ። «ሁለት ቬንትሌተር ፊት ለፊት አስቀምጪ። አንዱን ብቻ ሶኬት ላይ ሰኪው። ነፋሱ ሌላኛውን ያዞረዋል አይደል? እዚህ ውስጥ በነፋስ ፈንታ ዘይት ነው» አሉኝ። ሞተሩ አንዱን ማራገቢያ ያዞራል፣ የሚወረወረው ዘይት ሁለተኛውን ይገፋል። በመሀላቸው ያለ ሦስተኛ ማራገቢያ ተመላሹን ዘይት አቅጣጫ ያስይዘዋል፤ መኪናው ከቆመበት ሲነሣ ጉልበት የሚጨምረው እሱ ነው። ፍሬን ይዘን መብራት ላይ ስንቆም ሞተሩ የማይጠፋውም ሁለቱ ማራገቢያዎች ብረት ለብረት ስላልተያያዙ ነው።

ከኮንቨርተሩ ኋላ ማርሾቹ አሉ። መሀል ላይ ፀሐይ የሚሏት ማርሽ፣ በዙሪያዋ የሚሽከረከሩ ትንንሽ ፕላኔቶች፣ ከውጭ ደግሞ ሁሉንም ያቀፈ ቀለበት። ከሦስቱ አንዱን ብትይዙት ሌሎቹ በአንድ ፍጥነት ይዞራሉ፤ ሌላውን ብትይዙት ፍጥነቱ ይለወጣል፤ ወደ ኋላም ሊዞር ይችላል። ማርሾቹ እንደ ማንዋሉ እየተንሸራተቱ አይገናኙም፤ ሁልጊዜ እንደተያያዙ ናቸው። የሚለዋወጠው ማን እንደሚያዝና ማን እንደሚለቀቅ ነው። ይህ ሐሳብ አዲስ አይደለም፤ ጄኔራል ሞተርስ ሃይድራ-ማቲክ ብሎ በ1940ዎቹ ኦልድስሞቢሎች ላይ የገጠመው ካምቢዮም በፕላኔት ማርሽና በዘይት ግፊት ነበር የሚሠራው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የአሜሪካ ቀላል ታንኮች ሳይቀሩ ተጠቅመውበታል።

የሚይዙትና የሚለቁት ዲስኮች ናቸው። አንድ የብረት፣ አንድ ሽፋን ያለው፣ አንድ የብረት፣ አንድ ሽፋን ያለው እየሆኑ እንደ ቂጣ ተደራርበው በአንድ ከበሮ ውስጥ ይቀመጣሉ። ዘይት በግፊት ሲመጣ ይጨመቃሉ፣ ይይዛሉ፤ ግፊቱ ሲለቅ ይለቃሉ። ዘይቱን በየት በኩል እንደሚሄድ የሚመራው ቫልቭ ቦዲ የሚባለው ነው፤ ሲከፈት የጉንዳን ቤት ይመስላል። በእኛው መኪና ዕድሜ ባሉት ላይ ኮምፒውተሩ በኤሌክትሪክ የሚከፍታቸውና የሚዘጋቸው ትንንሽ ቫልቮችም አሉበት።

ሽማግሌው አንዱን ዲስክ አንሥተው በጥፍራቸው ቢፍቁት ቡናማው ሽፋን እንደ እርጥብ ካርቶን ተልጦ ወረደ።

«ይሄ ከምን የተሠራ ይመስልሻል?»

«ከጎማ?»

«ከወረቀት።»

አላመንኩም ነበር፤ እውነት ነው። በቀይ ዘይት ውስጥ እየተነከረ የሚሠራው ይህ ሽፋን ከወረቀት መሰል ጭረቶች ተሠርቶ ብረቱ ላይ በሙጫ የሚለጠፍ ነው። ዘይት ውስጥ ዓመታት ይኖራል። ጠላቱ ውኃ ነው። ወረቀቱ ውኃ ይመጥጣል፣ ያብጣል፤ ውኃው ውስጥ ኩላንት ካለበት ደግሞ ሙጫውን ያላቅቀዋል።

ወተቱ

ቀጥሎ ያደረጉትን እስከ ዛሬ አልረሳውም። ከሁለተኛው ካምቢዮ የወጣውን ዘይት በጠርሙስ አስቀምጠውት ነበር። የአውቶማቲክ ዘይት ቀይ ነው፤ ከሞተር ዘይት እንዲለይ ቀለም ተጨምሮበት ነው የሚመጣው። ሲያረጅ ይጠቁራል፣ ሲቃጠል የተቃጠለ እንጀራ ዓይነት ይሸታል። ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ግን ቀይም ጥቁርም አይደለም። ሮዝ ነው፤ ወፈር ያለ፣ አረፋ ያለበት። ጭማቂ ቤት የሚሸጥ የእንጆሪ ወተት ነው የሚመስለው። አባዬ ከጎኔ ቆሞ «ወተት!» አለ፤ የሳቀ ግን አልነበረም።

ሽማግሌው ቡና እየተፈላ ወዳለበት ከሰል ሄዱ፣ ቆርቆሮ ጣዱበት፣ ሲግል ከንጹሕ ዘይት አንድ ጠብታ ጠብ አደረጉ። ዝም ብሎ ጤሰ። ከጠርሙሱ ጠብ ሲያደርጉ ግን ተንጣጣ፣ ፈነጣጠቀ። ዘይት ውስጥ ውኃ አለ። ከየት ገባ?

የካምቢዮ ዘይት በሥራ ላይ በጣም ይሞቃል፤ ስለዚህ መቀዝቀዝ አለበት። በብዙ መኪናዎች ላይ በሁለት ቀጭን ቱቦዎች ወደ ሞተሩ ራዲያተር ይሄዳል፤ እዚያ ታንኩ ውስጥ በተቀበረ ትንሽ ማቀዝቀዣ ውስጥ አልፎ ይመለሳል። ዘይቱ በውስጥ፣ ውኃው በውጭ፣ በመሀላቸው ስስ ብረት። ያ ብረት ከተበሳ ሁለቱ ይገናኛሉ። ሞተሩ ሲሠራ አብዛኛውን ጊዜ የዘይቱ ግፊት ስለሚበልጥ ዘይት ወደ ውኃው ይገባል፤ ሞተሩ ሲጠፋ ግን የዘይቱ ግፊት ይወርዳል፣ የጋለው ራዲያተር ግን እንደታመቀ ይቆያል፤ ያኔ ውኃው ወደ ካምቢዮው ይገፋል። አባዬ መኪናውን አቁሞ በገባ ቁጥር ካምቢዮው ውኃ ይጠጣ ነበር ማለት ነው።

ራዲያተሩ ወረደ። የማቀዝቀዣውን አንድ አፍ ደፈኑ፤ በሌላኛው አየር ነፉበት፤ ራዲያተሩን በርሜል ውኃ ውስጥ አስጠሙት። ጥቂት ጠበቅን። ከመሙያው አፍ አረፋ መውጣት ጀመረ። ሽማግሌው ወደ አባዬ ዞር ብለው «ጋሼ፣ ምን ነበር የሚሞላበት?» አሉ። አባዬ ወደ እኔ አየ።

እዚህ ላይ መደበቅ አልችልም። ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ እሑድ እሑድ የመኪናውን ራዲያተር የምሞላው እኔ ነኝ። ኩላንት ውድ ነው ተብሎ ከቀረ ቆይቷል፤ በቢጫ ጀሪካን የቧንቧ ውኃ ነበር የምጨምረው። ኩላንት ውኃው እንዳይፈላና በረዶ እንዳይሆን ብቻ አይደለም፤ ብረቱን ከዝገት የሚጠብቅ ንጥረ ነገርም አለው። ባዶ ውኃ ያን ስስ ብረት በዓመታት በላው። ይህ ብቻ ቢሆን አላወቅኩም እላለሁ። መጀመሪያው ካምቢዮ ከመሞቱ ሁለት ሳምንት በፊት ግን ክዳኑን ስከፍት ሮዝ ቅባት ተለጥፎበት አይቻለሁ። ዝገት ነው ብዬ በጨርቅ ጠረግሁት። ለማንም አልተናገርኩም።

ወጣቱ ምን አለ

ወደ ወጣቱ መካኒክ የሄድኩት ከዚያ በኋላ ነው። የጋዜጠኛ ደብተሬን ይዤ ገባሁ፤ እውነቱን ለመናገር እግሬ ከብዶኝ ነበር። አልተቆጣም። «እህቴ፣ ራዲያተሩን ላውርደው ብያቸው ነበር። ፋዘር ‹እሱ አይፈስም፣ ተወው፤ በሁለት ቀን አድርስልኝ› አሉኝ።» ቀጥሎ የተናገረውን ያለ ጥያቄ ነው የነገረኝ፦ «ግን እኔም ዘይቱን በደንብ ማየት ነበረብኝ። ጥቁር ስለነበር ተቃጥሏል ብዬ ተውኩት። ቱቦዎቹንም አላጠብኩም።» ሁለተኛውን ካምቢዮ ያወረደው በነፃ እንደነበርም እዚያው ሰማሁ። አባዬ ይህን አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅኩትም ነበር።

ጥፋት የለበትም አልልም። የሞተበትን ምክንያት ሳያውቁ ሌላ ካምቢዮ መግጠም የተቀዳውን ውኃ በተቀደደ ስልቻ መሙላት ነው። ሆኖም «ሌባ» ብዬ ጽፌበት ነበር፤ ሌባ አልነበረም።

ይቀየር? ይጠገን? ወይስ ማንዋል ይሁን?

ሦስቱንም ነገር ጋራዥ ውስጥ ሲከራከሩበት ሰምቻለሁ። ማንዋል ይደረግ የሚሉት ብዙ ናቸው፤ ማንዋል የሚያውቅ መካኒክ በየመንደሩ አለ። ግን ካምቢዮውን ብቻ ለውጦ አያልቅም፤ የፍሪሲዮን ፔዳል፣ ቮላኖ፣ የፍሪሲዮኑ ዘይት መግፊያ፣ ከሥር የሚሸከመው ድጋፍ፣ ወደ ኋላ የሚሄደው ዘንግ ርዝመት፣ ኮምፒውተሩም ጭምር ይነካል። ከመለዋወጫ መኪና ሙሉውን ማግኘት ካልተቻለ በየቀኑ አንድ የጎደለ ነገር ይገኛል።

ስክራፕ መቀየር ፈጣን ነው። ብዙው ያገለገለ ዕቃ ከሻርጃና ከዱባይ ነው የሚመጣው፤ ከምን ዓይነት መኪና እንደወጣ ማንም አይነግራችሁም። «ሲሠራ የነበረ ነው» የሚለው ቃል ዋስትና አይደለም። ሽማግሌው የነገሩኝን ለሚገዛ ሰው ላስተላልፍ፦ ካምቢዮው ላይ ያለው የመለያ ቁጥር ከአሮጌው ጋር ይመሳከር፤ ሞተሩ አንድ ዓይነት ቢሆንም ባለ ሁለት ጎማ ነጂውና ባለ አራቱ አይገጣጠሙም። የዘይት ሳህኑ ይከፈት። ውስጡ ያለው ማግኔት ላይ እንደ ኩል የላመ ግራጫ ነገር ቢኖር የጤና ነው፤ ስንጥር ብረት ካለ ተውት። ዘይቱ በነጭ ሶፍት ላይ ጠብ ይደረግ፤ ቀይ ሆኖ ከተሰራጨ ጥሩ፣ ጠቁሮ መሀል ላይ ከቆመ መጥፎ፣ ሮዝ ከሆነ ደግሞ የእኛን ታሪክ ታውቁታላችሁ።

እኛ የመረጥነው ጥገናውን ነው፤ ምክንያቱም ሁለት ሬሳ ነበረን። ውኃ የሚያጠፋው ዲስኩንና የጎማ ማሸጊያውን ነው እንጂ ማርሹንና ከበሮውን ቶሎ አይነካም። ሽማግሌው ከሁለቱ የተሻለ የተሻለውን መርጠው አንድ አደረጉ። ዲስኮቹ፣ ማሸጊያዎቹና ጓርኒሲዮኖቹ በሙሉ አዲስ ሆኑ፤ ከዱባይ በሰው መጡ። ኮንቨርተሩ ተበይዶ የተዘጋ ስለሆነ በማጠብ አይጠራም፤ ውስጡ የሚቀር ውኃና ፍርፋሪ አዲሱን ዲስክ ይበላዋል። ስለዚህ እሱም በታደሰ ተተካ። ዋጋውን አልጽፍም፤ ቡለቲኑ ታትሞ እስኪወጣ ይለወጣልና።

ሲገጣጠም አዳዲሶቹ ዲስኮች ንጹሕ ዘይት ውስጥ ተነክረው ቆዩ። ደረቅ ዲስክ ከተገጠመ ሞተሩ ሲነሣ ወዲያው ይቃጠላል። በየከበሮው የቀረው ክፍተት በስስ መለኪያ ብረት ተለካ። እኔ ፋኖስ ያዥ ነበርኩ፤ ሽማግሌው «ብርሃን!» ሲሉ አቀርባለሁ፣ ሌላ ጊዜ ዝም እላለሁ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ኮንቨርተሩ ላይ ነው። ኮንቨርተሩ የካምቢዮውን ፓምፕ የሚያዞረው አንገቱ ላይ ባሉ ጥርሶች ነው፤ ጥርሶቹ ሁሉ ቦታቸው ሳይገቡ ካምቢዮውን በቡሎን ከሞተሩ ጋር የሚስብ ሰው ፓምፑን ይሰብረዋል። መኪናው ያን ዕለት አይሄድም፣ ሥራው ሁሉ እንደገና ይወርዳል። ሽማግሌው ጥቂት ዘይት አፍስሰውበት በሁለት እጃቸው እያዞሩ ገፉት። አንድ ጊዜ «ጡብ» አለና ገባ። እኔ አለቀ ብዬ ነበር። እንደገና አዞሩ፤ «ጡብ»። ሦስተኛው ላይ ነው ፈገግ ያሉት። ካምቢዮው በክሪክ ወጥቶ ከሞተሩ ጋር ሲገናኝ ኮንቨርተሩ በእጅ ሲያዞሩት በነፃ ይዞር ነበር፤ ያለዚያ አንድም ቡሎን አይጠብቅም ነበር።

ቱቦዎቹ ታጠቡ፣ በአየር ተነፉ። ራዲያተሩ ተቀየረ፤ ውስጡ ያለው ማቀዝቀዣ ግን ከካምቢዮው ጋር እንዲገናኝ አልተደረገም። በፈንታው ለብቻው የሆነ የዘይት ማቀዝቀዣ ከራዲያተሩ ፊት ተሰቀለ፤ ዳግመኛ ቢበሳ ዘይት መሬት ላይ ይፈሳል እንጂ ከውኃ ጋር አይገናኝም። ዘይቱ ሞተሩ እየሠራ፣ መኪናው ሜዳ ላይ ቆሞ፣ ፍሬን ተይዞ መቀየሪያው በየማርሹ አንድ አንድ ጊዜ ካለፈ በኋላ ነው የተለካው። ሞተር ጠፍቶ የሚለካ ሰው የውሸት ልክ ነው የሚያነበው። ዓይነቱም አምራቹ የጻፈው ነው፤ «ዘይት ዘይት ነው» የሚባል ነገር እዚህ አይሠራም።

አባዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ይዞት የወጣው ባዶውን ነው፤ እኔ ከጎኑ ተቀምጬ። ለገጣፎ ዳገት ላይ ሁለታችንም ዝም አልን። ከሁለተኛ ወደ ሦስተኛ ሲገባ አልተሰማንም፤ የሞተሩ ድምፅ ብቻ ዝቅ አለ። ሰንዳፋ ደርሰን ሻይ ጠጣን።

«የጋራዥ ሌቦች»ን ቀድጄዋለሁ። የተስተካከለውን ለመምህሬ ከማስረከቤ በፊት ወጣቱ መካኒክ ዘንድ ወስጄ ስለ እሱ የጻፍኩትን ክፍል አነበብኩለት፤ «‹ዘይቱን በደንብ ማየት ነበረብኝ› ያልኩትን ተይው፣ እውነት ነው» አለኝ። ቢጫው ጀሪካን አሁን ለአበባ ውኃ ማጠጫ ነው የሚያገለግለው። እሑድ እሑድ ግን መኪናው ሲቀዘቅዝ ክዳኑን እከፍታለሁ፤ ባለፈው እሑድ ኩላንቱ አረንጓዴ ነበር፣ በጣቴ ነካሁት፣ ቅባት የለውም።